ጋሼ ቆጣሪና የጤፍ ሒሳብ

«የፓተንት ቁጥራችን ከዓለም ጋር ሲተያይ ያሳፍራል፤ ስለዚህ ፈጠራ የለንም» አሉ ጋሼ ቆጣሪ፣ ስላይዳቸውን እየገለጡ።

እግዜር ይስጥልን ጋሼ! እርስዎ እኮ ሙሽራዋን ትተው የጋብቻ ወረቀቷን የሚያጅቡ ሰው ነዎት።

እሺ፣ በእርስዎው ሒሳብ እንሂድ። (ዓመቱን በፈረንጅ አቆጣጠር እጠራለሁ፤ ጨዋታው የእነሱ ነው።) በ2007 አንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ የአውሮፓ ፓተንት ተሰጠው። ምን ፈጥሮ? የነገሩ እምብርት፣ ጤፉ ከታጨደ በኋላ ለሳምንታት ቆይቶ ይፈጭ ነው። ለመቆየትማ ጎተራ አለን ጋሼ! ሠንጠረዥዎ ላይ ግን ኔዘርላንድስ አንድ፣ ጎተራ ዜሮ።

ኢትዮጵያ ከዚያው ኩባንያ ጋር በ2005 የጥቅም መጋራት ስምምነት ተፈራርማ ነበር። ኩባንያው በ2009 ከሰረ፤ ለአገር የደረሳት ወደ 4,000 ዩሮ ነው። ለእርስዎ አንድ ዎርክሾፕ አበል እንኳ አይበቃም። በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት «የፈጠራ ደረጃ የለውም» በሚል ፓተንቱን በኔዘርላንድስ ውድቅ አደረገው። እርስዎ ግን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ፈጠራ ብለው ቆጥረውታል። ሲሰረዝስ ቀነሱት? ኧረ የት!

«ያለ ፓተንት ያደገ አገር የለም!»

ይቺን ባይጀምሯት ይሻል ነበር። ያቺው ኔዘርላንድስ በ1869 የፓተንት ሕጓን ሰርዛ እስከ 1912 አዲስ ፓተንት ሳትሰጥ ኖራለች። ፊሊፕስ በአይንድሆቨን የተቋቋመው በ1891፣ በዚያው መሀል ነው፤ ባሕር ማዶ የተፈጠረውን አምፖል ያለ ከልካይ እያመረተ። ማርጋሪንንም የፈጠረው ፈረንሳዊ ነው፤ በኦስ ከተማ ፋብሪካ ከፍተው የከበሩበት ግን ሆላንዶቹ ናቸው። ያኔ ስላይድዎን ይዘው ቢሄዱ ኖሮ «ሆላንድ ዜሮ፣ ተስፋ የላትም» ብለው ሪፖርት ይጽፉ ነበር። በፊሊፕስ አምፖል ብርሃን።

«ቢሆንም ቁጥር አይዋሽም።»

አይዋሽም፣ ያስዋሻል እንጂ። በ2001 አውስትራሊያ ለአንድ ጠበቃ በጎማ ላይ «የኢኖቬሽን ፓተንት» ሰጥታለች። አዎ፣ በሚሽከረከረው ጎማ! ሰውየው በአሠራሩ ሊያፌዝ ብሎ ነው ያመለከተው፤ ቆጠራ ግን ፌዝ አይገባውም፣ አንድ ብሎ መዝግቦ አልፏል። ቻይና ደግሞ ለማመልከቻ ድጎማ ስትከፍል ኖራ፣ ቁጥሩ አብጦ አብጦ ሲያስቸግራት በ2021 ድጎማውን ማንሳት ጀመረች።

«ወሬውን ተወውና የኛዎቹ ምን ሠሩ?»

አሁን ገና ጠየቁ። የጤፍ አበባ ከመርፌ ጫፍ የማይሻል ነገር ነው፤ ሁለት ዝርያ በእጅ ማዳቀል አይቻልም ተብሎ ተትቶ ነበር። በ1974 ዶክተር ታረቀ በርሄ አበባው በማለዳ፣ ለአጭር ጊዜ እንደሚከፈት ደረሱበትና ማዳቀሉ ተቻለ። እርስዎ ስብሰባ ላይ በሚያንቀላፉበት ሰዓት አይደለም፣ ከዚያ በፊት ነው የሚከፈተው። በዚያ መንገድ ተሂዶ ተሂዶ በ2006 ከደብረ ዘይት ምርምር ማዕከል ቁንጮ የተባለው ጤፍ ወጣ፤ ገበሬውም ተቀባበለው።

ስንት ፓተንት አለው ይሉኛል? ዜሮ። ሊኖረውም አይችልም፤ የኢትዮጵያ የፓተንት ሕግ፣ የ1995ቱ አዋጅ ቁጥር 123፣ ለዕፅዋት ዝርያ ፓተንት አይሰጥም። አዋጁ ለአነስተኛ ፈጠራም የራሱ የምስክር ወረቀት አለው፤ ለአገር ቤት አዲስ ከሆነና ሥራ ላይ መዋል ከቻለ ይበቃል። ያንንም ከፓተንት ዓምድዎ ሥር አያገኙትም። ሕጉን ያነበበ ሰው የማይቆጠረውን አስቀድሞ ያውቃል፤ እርስዎ ግን ዜሮውን ብቻ አንብበው አዘኑልን።

ፓተንት አያስፈልግም አልወጣኝም። ወረቀት የሌለው ሰው ምን እንደሚደርስበት ጤፍ ራሱ ይመስክር። ግን ወረቀቱን ያወጣው ለጠበቃ የከፈለ ነው፤ ለጠበቃ የከፈለ ሁሉ ፈጠረ ማለት ደግሞ ሌላ ነገር ነው።

«እና ምን እንቁጠር ነው የምትለው?»

ቁንጮ የተዘራበትን ማሳ ይቁጠሩዋ ጋሼ! ችግሩ ማሳ ፕሮጀክተር የለውም፣ ሻይ ቡናም አይቀርብበት፤ አበሉንም እንጃ።