የአዲስ አበባ ነዋሪ አዲስ አበባን የሚያይባቸው ሁኔታዎች፦ አጭር ጥናት

ስለ አዲስ አበባ ያልተጠና ነገር የለም። የቤት እጥረቷ ተጠንቷል፤ ትራንስፖርቷ ተጠንቷል፤ ጭቃዋና አቧራዋም የየራሳቸው ባለሙያ አላቸው። አጥኚ ያጣው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ ነዋሪው ከተማውን የሚያየው መቼ ነው? ይህ ጽሑፍ ክፍተቱን ለመሙላት ይሞክራል። መረጃው የተሰበሰበው በታክሲ ሰልፍ፣ በለቅሶ ድንኳንና በማኪያቶ ጠረጴዛ ዙሪያ ነው። የናሙና አመራረጡ ጥብቅ ነበር፤ የተቀመጠ ሁሉ ተጠይቋል።

ግኝት አንድ፦ የርቀት ሕግ። ነዋሪው የሩቁን ቦታ በደንብ፣ የቅርቡን በወሬ ያውቃል። የዱባይን የገበያ አዳራሽ ከነፎቁ የሚዘረዝር የስድስት ኪሎ ልጅ፣ ሰፈሩ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የሚያውቀው በአጥሩ ነው። ሙዚየሙ ያለበት ሕንፃ ቀድሞ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር፤ የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ክፍል ሳይቀር ይጎበኛል። ደጁ ላይ ደግሞ ጣሊያን በወረራው ዘመን ያቆመው ጠመዝማዛ ደረጃ አለ። እርከኖቹ ሙሶሊኒ ሮም ላይ ሥልጣን ከያዘበት ከ1922 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የፋሺስትን ዓመታት ይቆጥራሉ። ወራሪው ከተባረረ በኋላ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ደረጃው የትም አያደርስም። ፋሺዝምን ከዚህ ባጠረ ቃል ያጠቃለለ መጽሐፍ እስካሁን አላጋጠመንም።

ሕጉ በሚንቀሳቀስ ሰው ላይም ይሠራል። ከመስቀል አደባባይ ወደ አራት ኪሎ በታክሲ የሚመላለስ ሠራተኛ የአፍሪካን አዳራሽ በየቀኑ ሁለት ጊዜ ያልፈዋል። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው እዚያ ነው፤ የአፈወርቅ ተክሌ 150 ካሬ ሜትር የሚሰፋ የመስታወት ሥዕልም ያለው እዚያው ነው። ተሳፋሪው ግን በዚያች ቅጽበት ዓይኑን የሚተክለው ረዳቱ እጅ ላይ ነው፤ መልሱን አልተቀበለም።

ግኝት ሁለት፦ እንግዳ። ነዋሪው ከተማውን የሚያየው ከውጭ ዘመድ ሲመጣ ነው። ወቅቱ ይታወቃል፦ ወይ ገናና ጥምቀት፣ ወይ የፈረንጅ አገር ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ክረምት። ከዲሲ የአክስት ልጅ በገባች በማግስቱ ነዋሪው አስጎብኚ ሆኖ ያድራል። «እንጦጦ ሳትወጪማ አትሄጂም!» ይላል፤ እሱ ራሱ መጨረሻ የወጣው ለጠበል ይሁን ለተማሪ ቤት ሽርሽር አከራካሪ ነው። ብሔራዊ ሙዚየም ሲደርሱ ድንቅነሽ ፊት ቆሞ ያብራራል። በ1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሐዳር እንደተገኘች፣ ዕድሜዋም 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንደሆነ ከግድግዳው ላይ እያነበበ፣ ድምፁን ግን አብሮ አደጓ አስመስሎ ይተርካል። ለሕዝብ የሚታየው ቅጂዋ መሆኑንና ዋናው አጽም ተቆልፎ እንደሚቀመጥ ሲነገራቸው፣ ከእንግዳዋ ቀድሞ የሚደነግጠው እሱ ነው።

በጥናቱ እጅግ ያስገረመን ቀጥሎ የሚሆነው ነው። ነዋሪው ደስ ይለዋል። ኮረብታው ላይ ነፋሱን ይስባል፤ ፎቶ ይነሳል፤ «ለካ ከተማችን እንዲህ ነች!» ይላል። ቤት ሲገባ ግን ደስታውን በሰው ስም ያስመዘግባል፦ «እሷ እኮ በጣም ደስ አላት!»

ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ አልተደከመም። በአዲስ አበባ ሰው ከቤቱ የሚወጣው ለጉዳይ ነው። ወረዳ ጉዳይ ነው፤ ባንክ ጉዳይ ነው፤ ሠርግና ለቅሶ ደግሞ ዋና ጉዳይ ናቸው። ያለ ጉዳይ አንድ ቦታ ቆሞ የተገኘ ሰው «ደህና ነህ?» ይባላል። እንግዳ ማስጎብኘት ግን ጉዳይ ስለሆነ፣ በእሱ ስም መደሰት አያሳማም።

ግኝት ሦስት፦ ግሬደር። እንግዳ በጠፋበት ጊዜ የከተማ ፍቅርን የሚቀሰቅሰው የሚፈርስ ሕንፃ ነው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና ዶሮ ማነቂያ ሲፈርሱ፣ ማኪያቶውን ለዓመታት ቦሌ ሲጠጣ የኖረ ሰው ሁሉ በአንድ ሳምንት የፒያሳ ልጅ ሆነ። የግሬደርና የእንግዳ ውጤት ይመሳሰላል፤ ልዩነታቸው እንግዳው ሲሄድ ቦታው መቅረቱ ነው።

«የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ብለው ግኝታችንን ለማሳጠር የሞከሩ ነበሩ። መረጃው አይደግፋቸውም። አንድን ነገር መዳብ ነው ለማለትም መጀመሪያ ማየት ያስፈልጋል።

የመፍትሔ ሐሳባችን «የእንግዳ ውሰት» ይባላል። ለድግስ ድስትና ወንበር የሚዋዋስ ጎረቤት እንግዳ የማይዋዋስበት ምክንያት የለም። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ የሌለው ደግሞ እርስ በርሱ ይተካካ፦ የኮልፌው ሰው በዚህ ቅዳሜ የየካው ሰው እንግዳ ይሁን፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ብድሩን ይመልስ።

ሐሳቡን ቅብጠት ለሚሉ የታሪክ ማስረጃ አለን። ቤተ መንግሥቱ እንጦጦ በነበረበት ዘመን መኳንንቱ ብርዱን ሽሽት ፍልውሃ እየወረዱ ይታጠቡ ነበር። እቴጌ ጣይቱ ቦታውን ወደዱት፤ በ1879 ዓ.ም. ቤት ተሠራ፤ ከተማዋም ስሟን ከእሳቸው አገኘች። አዲስ አበባን የቆረቆራት ጉዳይ የነበረው ሰው አይደለም፤ ገላውን ሊታጠብ የወረደ ነው።

ስለዚህ ነዋሪው ብቻውን ሊጎበኝ ቢሄድ ከከተማዋ ልማድ አልወጣም። በር ላይ «እንግዳው የታለ?» ተብሎ ቢጠየቅ «እኔ ነኝ» ይበል። የመግቢያ ዋጋው ግን እንደ አገሬው ይታሰብለት።