አውራዋ ቀፎውን ለቀቀች

ተረት ተረት፤ የላም በረት።

ቡሬ ከተማ ዳር፣ ከአንድ ዋንዛ ላይ አዲስ ቀፎ ተሰቅሎ ነበር። ውስጡ በእበት ተለቅልቆ በጥንጁት ታጥኗል። ወሩ መስከረም ነው፤ መቹና አደዩ ሜዳውን ቢጫ አልብሰውታል፤ ኑጉም ሊያብብ ተራውን ይጠብቃል። ከደብረ ማርቆሱ ቀፎ የተላኩ ጥቂት ልጅ ንቦች ላህ ወንዝ ላይ ውኃ ቀምሰው፣ ፍኖተ ሰላምን አልፈው መጥተው ገብተውበታል። ብርቱዎች ነበሩ። ጎህ ሲቀድ ይወጣሉ፤ እግራቸው በአበባ ዱቄት ተሞልቶ ይመለሳሉ። ያመጡትን የሚያኖሩበት እንጀራ ግን አልነበራቸውም፤ የማር እንጀራ ከጣሪያው በየት በኩል እንደሚጀመር ያየ ከመካከላቸው አልነበረማ!

የላካቸው የማርቆሱ ቀፎም ራሱ ወጣት ነበር። በ1997 ዓ.ም. ተሰቅሎ፣ ንብ የገባበት በ1999 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ባለቀፎው መንግሥት ቀፎ በመስቀል በርትቶ ነበር። ደርግ በወደቀ ማግስት በአገሩ ዩኒቨርሲቲ ተብለው የሚጠሩት የአዲስ አበባውና የአለማያው ቀፎዎች ብቻ ነበሩ፤ ዛሬ የመንግሥቶቹ ከ40 ይበልጣሉ። መብዛታቸው ደግ ነገር ነው። ድሮ ከአንድ ቀበሌ አንድ ልጅ ካለፈ አገሩ ሰርግ የገባ ይመስል ነበር፤ አሁን ከአንድ ቤት እኅትና ወንድም ተከታትለው ይሄዳሉ። ልቤን የሚከብደው ሌላ ነው። ወደ አዲሶቹ ቀፎዎች የሚላኩት በብዛት ልጆቹ ናቸው። ትናንት የተመረቀው ዛሬ ጠመኔ ጨብጦ ይቆማል፤ ቀን የሚያስተምረውን ሌሊት ያጠናል። እሱን አልወቅስም፤ የሚጠይቀው ታላቅ አጠገቡ አልነበረም።

ከቡሬዎቹ ልጆች አንዷ እንጅባራን፣ ዳንግላን አልፋ ጣና ዳር ካለው ትልቅ ቀፎ ደረሰች።

ያ ቀፎ የሁለት ቀፎ ልጅ ነው። አንደኛው በ1955 ዓ.ም. በሶቪየቶች እገዛ የተሰቀለው ፖሊ ነበር፤ የብረትና የእንጨት፣ የጨርቅና የኤሌክትሪክ ሙያ ይማሩበት ነበር። ሁለተኛው በ1965 ዓ.ም. የተሰቀለው ፔዳ ነው፤ ከእሱ የሚወጡት ሌላውን የሚያስተምሩ ነበሩ። በ1992 ዓ.ም. ባለቀፎው አንድ አድርጎ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አላቸው። ንብ ያነበ ሰው ይህ ቀላል እንዳልሆነ ያውቃል። የሁለት ቀፎ ንብ ጠረኑ ስለሚለያይ ዝም ብሎ ቢቀላቀል ይፋጃል፤ ጭስ ይፈልጋል፣ ጊዜ ይፈልጋል። ዛሬም «እኔ የፖሊ ነኝ»፣ «እኔ የፔዳ ነኝ» ሲባባሉ ትሰማላችሁ፤ ማሩ ግን ከአንድ ጋን ይቀዳል።

«እንጀራ መጋገር የሚያውቅ ላኩልን» አለች መልእክተኛዋ።

ታላላቆቹ ተያዩ። «ገና የተፈለፈሉ አሉ፤ እነሱ ይሂዱ» አሉ። «እኛማ እዚሁ ደክመን የሠራነው አለ።»

ያን ጊዜ አውራዋ ተናገረች። አውራ ስንላት ወንድ ትመስለናለች እንጂ የሁሉም እናት ናት። «እኔ እሄዳለሁ» አለች።

ቀፎው ታመሰ። «እናታችን፣ ምን አጎደልንብዎ? በዚህ ዕድሜዎ ባዶ ቤት ሊገቡ ነው?»

«ባዶ ስለሆነ ነው የምሄድ» አለች። «እዚህ እንጀራው ተጋግሯል፤ ማሩ ሞልቷል። የሞላ ቤት ለልጅ አይከብድም። ልጅን የሚሰብረው ባዶው ቤት ነው። ክረምቱ ስንት ስንቅ እንደሚበላ እነሱ አላዩም፤ እኔ አይቻለሁ።»

«እኛንስ ማን ይመራናል?»

«ያሳደጋችሁት።» ከቀፎው ጥግ ወደ ታች የተንጠለጠሉ ረዘም ያሉ ቤቶችን አሳየቻቸው። በውስጣቸው ያለው እጭ ከሠራተኛ ንብ እጭ በዘር አይለይም፤ የሚለየው ሞግዚቶቹ በሚያበሉት ቀለብ ነው። ድንገት ከውጭ የገባችን አውራ ንቦች ከበው ይገድላሉ፤ ጠረኗን ቀስ በቀስ ካለመዷቸው ግን ይቀበሏታል። የትምህርቱ ቀፎም እንዲሁ ነው፤ የአዲስ አበባው የመጀመሪያ ቀፎ በ1943 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የመሩት ከካናዳ የመጡት ሉሲየን ማት ነበሩ። ቀፎው በ1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ወደ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ከገባ በኋላ ግን ፕሬዚዳንትነቱን የያዙት የአገሩ ልጅ፣ ልጅ ካሣ ወልደ ማርያም ናቸው። ለዚያ የሚበቃ ሰው እስኪያድግ ዓመታት ወስዷል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሠራተኞቹ የአውራዋን ቀለብ ቀነሱ። ጭካኔ አልነበረም። ዘመኗን ሙሉ ተቀምጣ ስትቀለብ የኖረች እናት ክንፏ አይሸከማትም፤ ለመብረር መክሳት አለባት። እንቁላል መጣሏም ቀነሰ፤ ሆዷ ጎደለ። ከእንጀራው ወደ እንጀራው ሲነዷት ዝም ብላ ትሄዳለች። ትናንት ፊቷን ለማየት ይጋፉ የነበሩት ዛሬ በግንባራቸው ይገፏታል። እሷም ይህን ሁሉ ፈቅዳ ቻለችው።

አንድ ረፋድ ላይ ፀሐይ ሞቅ ሲል ወጣች፤ የቀፎው እኩሌታም ተከተላት። የሞላውን ቤት ገና ላልተፈለፈለችው ልጇ ትታ ሄደች። እንጅባራ ሲደርሱ ብርዱ ጸናባቸው፤ ከአንድ ግራር ላይ እንደ ዘለላ ተንጠልጥለው፣ እሷን መካከል አድርገው አደሩ። በማግስቱ ቃኚዎቹ ቀድመው ሄደው ጥንጁት ጥንጁት እየሸተቱ ተመለሱ።

ቡሬ ሲደርሱ ልጆቹ ንቦች በቀፎው አፍ ላይ ተሰልፈው ጠበቋቸው። ጥንጁቱ ጠረናቸውን አንድ አድርጎት ስለነበር ማንም ማንንም አልነደፈም። አውራዋ እየዳኸች ገብታ ወደ ጣሪያው ቀና አለች።

«ከዚህ ነው የሚጀመረው» አለቻቸው።

ሲነጋ ከጣሪያው ላይ ጥፍር የምታህል ነጭ እንጀራ ተንጠልጥላ ነበር።