ስለ ባለዕዳ ኃጢአትና ስለ አበዳሪ ጽድቅ

በሲልቨር ስፕሪንግ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በምንሰበሰብበት ምግብ ቤት፣ ዕድሜያቸውም ሀብታቸውም የሚያስከብራቸው፣ እኛም ጋሼ እያልን የምንጠራቸው አንድ ሰው አሉ፤ በዓላት ቢፈራረቁም የእኒህ ሰው ስብከት ተለውጦ አያውቅም፤ ይኸውም ሰው የበላውን ይክፈል የሚል ነው። ከጥቂት ሳምንታት በፊት፣ ምግብ የምታቀርብልን ልጅ በክሬዲት ካርድ ዕዳ ተይዛ፣ ጉዳይዋም ኮሌክሽን ከሚሉት ዕዳ ሰብሳቢ እጅ ገብቶባት፣ ስልኳ በጮኸ ቁጥር የምትደነግጥ መሆኗን ሰምተው ኖሮ፣ እንጀራው ከመቅረቡ አስቀድመው፣ «ልጄ፣ ኃላፊነት የሚባል ነገር አለ። ካርዱን በግድ ያስያዘሽ የለም፤ ፈርመሽ፣ ደስ ብሎሽ የበላሽውን ዛሬ ክፈይ ሲሉሽ ማልቀስ አይገባም» አሏት። እርሷም «ልክ ነው ጋሼ፤ ዱለት ልጨምርልዎ?» ብላ ሄደች።

እኔም በዚያች ሰዓት ልቤ ተነካና፣ ለባለዕዳ ሳዝን የኖርሁበትን ዘመን ተጸጽቼ፣ ከጠበቆቹና በምክር ቤት ደጅ ከሚጠኑለት ጉዳይ አስፈጻሚዎች በቀር ረዳት ለሌለው ለምስኪኑ አበዳሪ ጥብቅና ልቆም ቆረጥሁ።

ነገሩን ከሥሩ ለመጀመር፣ እ.ኤ.አ. በ1958 ዓ.ም. ባንክ ኦፍ አሜሪካ በካሊፎርኒያ በምትገኘው በፍሬዝኖ ከተማ 60 ሺህ ያህል ካርዶች በፖስታ ቤት በኩል ላከ፤ ካርዱ የደረሳቸው ሰዎች አላመለከቱም፣ አልፈረሙም፣ ነገሩ መኖሩንም አያውቁም ነበር፤ እስራኤል በምድረ በዳ ማለዳ ተነሥተው መናውን መሬት ላይ እንዳገኙት ሁሉ፣ የፍሬዝኖ ሰውም ከደጃፉ ሳጥን ውስጥ በመቶ የሚቆጠር ዶላር የሚያበድር ቁራጭ ነገር አገኘ። ባንኩ ከመቶው አራቱ ሰዎች ብቻ በጊዜው ሳይከፍሉ ይቀራሉ ብሎ አስልቶ ሳለ፣ ቆይቶ ሲቆጥር ሃያ ሁለት ሆነው አገኛቸው። ልብ በሉ፤ ላልለመነው ሰው ገንዘብ የሚበትነው ኃላፊነት አይጎድለውም፤ ኃላፊነት የጎደለው ያነሣው ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት ግን ይህን ረቂቅ ምሥጢር ባለማስተዋሉ፣ ያልተጠየቀ ካርድ መላክን በ1970 በሕግ ከለከለ፤ ከዚያ ወዲህ ካርዱ ቀርቶ፣ «አስቀድመው ተፈቅዶልዎታል» የሚል ደብዳቤ ብቻ ይላካል። የእኔ ሳጥን በዚህ ረገድ ተራቁቶ አያውቅም።

ከዚህ የሚቀጥለው የገዳማውያን ታሪክ ነው። በዚያ ዘመን በብዙዎቹ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች የወለድ ጣሪያ ነበረ፤ የሚኒሶታ ሕግ ለካርድ ብድር 12 ከመቶ ይል ነበር፤ ይህም በ1952 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር የታወጀው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለተበዳሪው ከወሰነው ጣሪያ ጋር አንድ መሆኑ፣ ሁለት እጅግ የተራራቁ አገሮች በአንድ ስንፍና ተይዘው እንደነበር ያሳያል። በ1978 ግን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ ባንክ ደንበኛው የትም ቢኖር ራሱ የተቀመጠበትን ግዛት ወለድ ማስከፈል ይችላል ብሎ ፈረደ። ይህን ጊዜ ደቡብ ዳኮታ ጣሪያውን ጨርሶ አነሣ፤ ሲቲባንክም በ1981 የኒው ዮርክን ሁካታ ንቆ፣ የካርድ ሥራውን ይዞ ሱ ፎልስ ወደምትባለው፣ ክረምቷ አጥንት ወደሚሰብረው ከተማ መነነ። አባቶቻችን ከዓለም ሸሽተው በረሃ የገቡት ፈተናን ድል ለመንሣት ነበረ፤ ይህኛው መናኝ ግን ሕግን ድል ነሥቶ ተመለሰ፤ ወዲያውም ዴላዌር ደጇን ከፍታ ሌሎችን መናንያን ተቀበለች። ፍትሐ ነገሥት የሚያወግዘው አራጣ በዚህ መንገድ ስሙን ለውጦ ክርስትና ተነሣ። ወለድ የሚለው ቃል ከመውለድ መምጣቱን ሳስብ፣ ያለ ምጥ የሚወልድ፣ በየወሩ የሚወልድ፣ ልጁም በተወለደ ማግሥት ሌላ ልጅ የሚወልድ ፍጥረት ከገንዘብ በቀር በምድር ላይ አላገኘሁም።

ሚኒመም ስለሚሉት ዝቅተኛ ወርኃዊ ክፍያ ደግሞ ጥቂት ልበል፤ ከበጎ አድራጎቱ ሁሉ እኔን የሚያስለቅሰኝ ይህ ነውና። ባለዕዳው 5 ሺህ ዶላር ዕዳ አለበት እንበል፤ ወለዱም በዓመት 24 ከመቶ ይሁን፤ ባንኩም በየወሩ ወለዱንና ከዋናው ዕዳ አንዱን ከመቶ ብቻ ክፈለኝ ብሎ ይራራለታል። ባለዕዳው እንደ ጋሼ ቃል ኃላፊነቱን ሳያጓድል፣ አንዲት ቀን ሳያሳልፍ፣ አንዲት ሳንቲም ዳግመኛ ሳይበደር ቢከፍል፣ ከአምስት ዓመት ከዘጠኝ ወር በኋላ 7 ሺህ 500 ዶላር ከፍሎ፣ 2 ሺህ 500 ዶላር ቀርቶበት ይገኛል። ይህ ቅጣት እንዳይመስላችሁ፤ ቅጣቱ የሚጀምረው ሲያዘገይ ነው። ይህ የታዛዦች ዋጋ ነው።

ከሁሉ በላይ ሊመሰገን የሚገባው ግን የባንኮቹ መዝገበ ቃላት ነው። በዚህ ሙያ ውስጥ ያሉ ሰዎች በየወሩ ዕዳውን አንጠፍጥፎ የሚከፍለውን፣ ወለድ የማያስገባላቸውን ደንበኛ፣ እርስ በርሳቸው ሲጨዋወቱ «ዴድቢት» ይሉታል፤ ይህም በተራው ሰው እንግሊዝኛ ዕዳውን የማይከፍል ዋልጌ ማለት ነው። እንግዲህ ጋሼ በስብከታቸው የሚያመሰግኑት ጻድቅ በአበዳሪው መዝገብ ዋልጌ ተብሎ ተጽፏል፤ የሚወደደው ደንበኛ ጨርሶ የማይከፍለውም ፈጽሞ የሚከፍለውም ሳይሆን፣ ሲከፍል ኖሮ ከዕዳ የማይወጣው ነው፤ ስብከቱና መዝገቡ እንዴት እንደሚታረቁ ለሊቃውንቱ እተዋለሁ።

ስለ አንድ የኦሃዮ ሰው በ2007 በአሜሪካ ሴኔት ንዑስ ኮሚቴ ፊት የተነገረውን ላስታውሳችሁ። ይህ ሰው በአብዛኛው ለሠርጉ ሲል 3 ሺህ 200 ዶላር ያህል በካርዱ አወጣ፤ ከተፈቀደለት ወሰን ያለፈው 200 ዶላር ገደማ ብቻ ነበር፤ ስለዚህች ጥቂት ማለፍ ግን 47 ጊዜ የመቀጫ ሒሳብ ተጻፈበት፤ 6 ሺህ 300 ዶላር ያህል ከፍሎም ገና 4 ሺህ 400 ዶላር ዕዳ ነበረበት። አበዳሪው ባንክ ሴኔቱ መጥራቱን በሰማ ጊዜ ኅሊናው ድንገት ነቅቶ ቀሪውን ማረው። ኅሊናን የሚቀሰቅሰው የመላእክት ጥሪ ነው ይባል ነበር፤ የምክር ቤት መጥሪያም እንደሚቀሰቅሰው ከዚህ ተማርን።

በቀድሞው ዘመን በአገራችን ቁራኛ የሚባል ሥርዓት ነበረ። ባለዕዳና ባለገንዘብ ዕዳው እስኪከፈል ወይም ዋስ እስኪገኝ ድረስ በአንድ ሰንሰለት ታስረው፣ አብረው እየዋሉ አብረው ያድሩ ነበር። የሠለጠኑ ሰዎች ይህን ኋላ ቀር ሥርዓት ሲጽፉ ይገረማሉ፤ እኔም ኋላ ቀርነቱን ስመረምር አገኘሁት፤ አበዳሪውም መታሰሩ ነው። ባለገንዘቡ ባለዕዳው ሲራመድ ይራመዳል፣ ሲተኛ ይተኛል፣ ብርዱ ሁለቱን እኩል ይመታቸዋል፤ ስለዚህ ሰውን ከማሰሩ በፊት፣ እንዲያውም ከማበደሩ በፊት፣ ከዚህ ሰው ጋራ ስንት ሌሊት ማደር እችላለሁ ብሎ ያስባል። በአሁኑ ሥልጣኔ ግን ሰንሰለቱ አንድ ጫፍ ብቻ አለው፤ ሌላው ጫፍ ደቡብ ዳኮታ ነው።

ከቶ የማይጨበጥ ጫፍ ነው እንዳልል፣ የሚሸጥ ሆኖ አገኘሁት። አንድ ዕዳ ሳይከፈል ስድስት ወር ካለፈው ባንኩ ከሀብት መዝገቡ ሰርዞ ለዕዳ ገዥዎች ሊሸጠው ይችላል፤ የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2013 ባወጣው ጥናት እንዲህ ያለው የሸማች ዕዳ በአማካይ ለአንድ ዶላር አራት ሳንቲም ያህል እንደሚሸጥ ገልጿል። ልጅቱ ዘንድ የሚደውለው እንግዲህ ያበደራት አይደለም፤ በአራት ሳንቲም የገዛት ነው፤ የሚጠይቃትም ሙሉውን ዶላር ነው። ባንኩ በአራት ሳንቲም ምሬሻለሁ ቢላት ኃላፊነት አትማርም ይባላል፤ ለባዕድ ሲምር ግን ንግድ ነው።

ስለ ምሕረት ካነሣን፣ በሙሴ ሕግ ዕዳ በሰባተኛው ዓመት ይተው ነበር። አሜሪካ በዚህ ከሙሴ ትበልጥ ነበር፤ ባንክራፕሲ በሚባለው የኪሳራ ፍርድ ዕዳው አንድ ጊዜ የተፋቀለት ሰው ስድስት ዓመት ቆይቶ ዳግመኛ ሊፋቅለት ይችል ነበርና። በ2005 ይህ ርኅራኄ ስለ በዛ፣ ሸማቾችን ለመጠበቅ በሚል ስም በወጣ ሕግ ጊዜው ወደ ስምንት ዓመት ከፍ አለ፤ ከሳሪውም ወደ ፍርድ ቤት ከመግባቱ በፊት ምክር እንዲሰማ፣ ዕዳው ከመፋቁም በፊት የገንዘብ አያያዝ ትምህርት እንዲማር ታዘዘ። ከሦስት ዓመት በኋላ ባንኮቹ ራሳቸው ከሰሩ፤ ምክር ቤቱም 700 ቢሊዮን ዶላር ፈቀደላቸው፤ ያው የሱ ፎልስ መናኝ 45 ቢሊዮን ደረሰው፤ የመጀመሪያውን 25 ቢሊዮንም ያገኘው በ5 ከመቶ ነበር። በኋላ መክፈሉን አልክድም፤ ሐሜት አልወድም። ግን የገንዘብ አያያዝ ትምህርት መማሩን አልሰማሁም።

በወንጌል እልፍ መክሊት የተማረው አገልጋይ ወጥቶ፣ መቶ ዲናር ያለበትን ባልንጀራውን አንቆ የያዘበትን ምሳሌ የሚያውቅ አንባቢ እዚህ ላይ ፈገግ ይል ይሆናል። በእንግሊዝኛ ከሚጸልዩት ምእመናን አንዳንዶቹ በጌታ ጸሎት ውስጥ እኛ በደል በምንልበት ቦታ ዕዳ ይላሉ፤ በዚያ ቋንቋ የሚጸልይ ባለ ባንክ አፉን እንዴት እንደሚያልፈው አላውቅም።

ወደ ምግብ ቤቱ ልመለስ። ይህች ልጅ ዕቁብ ትጥላለች፤ የዕቁቡ ዳኛ አጠገባችን ተቀምጦ ነበርና፣ በሰባት ዓመት ውስጥ አንዲት ሳምንት አላጓደለችም ብሎ መሰከረላት። ወለድ የለበትም፣ ዋሱ ሰው ነው፣ የሚያሳፍረው የጎረቤት ዓይን ነው፤ ክሬዲቷን የሚያሰላው መሥሪያ ቤት ግን ይህን ሰባት ዓመት ከቁም ነገር አይቆጥረውም፤ ሆስፒታል ገብታ ሥራ በፈታችበት ወራት ያጓደለቻቸውን ሦስት ክፍያዎች ግን ሰባት ዓመት ያስታውሳታል። በካርድ የገዛችውም ጋሼ እንደሚያስቡት ወርቅ አልነበረም፤ የቤት ኪራይና መድኃኒት ነበር። ለነገሩ ወርቅ ቢሆንስ ኖሮ፣ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መምታት ይቀር ነበርን?

ሒሳቡ በመጣ ጊዜ ጋሼ ሁላችንንም ከልክለው፣ ለልጅቱ አንዲት የምታብረቀርቅ ካርድ ሰጧት። ይህች ካርድ ለእያንዳንዱ ዶላር ማይል የምትሰጥ ናት፤ ማይሉም ተጠራቅሞ በየዓመቱ ጥምቀትን ጎንደር ለማክበር ያበቃቸዋል፤ ባንኩ ይህን የቸርነት ወጪ የሚሸፍነው ከነጋዴው ከሚቆርጠው ገንዘብና ዕዳቸውን ከማይጨርሱት ሰዎች ወለድ ነው። ጋሼ በየወሩ አንጠፍጥፈው ከፋይ ናቸውና ስለዚህ ጉዳይ አስበው አያውቁም። ልጅቱ ካርዱን ይዛ ሄዳ ከደረሰኙ ጋር በሁለት እጇ መለሰችላቸው።

«ማይሉ ተቆጠረ፣ ልጄ?» አሏት።

«ተቆጥሯል ጋሼ» አለች፤ በዚህ መካከል በሽርጧ ኪስ ውስጥ ስልኳ ይንጫረር ነበር።