የምራቴ የቅመም ኤግዚቢሽን

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። የእኔ ጉድ መስከረምን እንኳ አልጠበቀም። ዘንድሮ ክረምት ጉልበቴን ሲያመኝ ከቸሃ ወጥቼ ወልቂጤ ልጄ ቤት ሰነበትኩ። እግረ መንገዴን የምራቴን ኩሽና አየሁ። ምነው ባላየሁት!

ያምራል፤ አልዋሽም። ከምድጃው በላይ፣ ከመስኮቱ ትይዩ ረጅም መደርደሪያ ተሰቅሏል። በላዩ የመስታወት ብልቃጥ ተሰልፏል። በየብልቃጡ ላይ ስም ተለጥፏል፤ ኮረሪማ፣ ኮሰረት፣ ጥምዝ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ አዝሙድ፣ እርድ፣ ቅርንፉድ፣ በሶብላ። ሁሉም የተፈጨ ነው። ሁሉም ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ ይውልና ማታ በወጥ እንፋሎት ይታጠናል። እንግዳ ሲገባ ቆሞ ያደንቃል፣ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሳል። እኔ አንዱን ከፍቼ አሸተትኩት። ምንም። ደግሜ ሳብኩት። አሁንም ምንም። ወረቀቱን ባላነብ ኮረሪማ መሆኑን በምን አውቅ ነበር? ለካ ስሙን የሚጽፉበት ለዚህ ኖሯል።

«የኔ ልጅ፣ ይኼ መቼ የተፈጨ ነው?» አልኳት።

«ቅርብ ጊዜ ነው እማማ። ለአምናው መስቀል ያስፈጨሁት ነው።»

የአምናው መስቀል! ያኔ የተወለደ ጥጃ ዛሬ ወይፈን ሆኗል። «አይበላሽም እኮ፣ ክዳን አለው» ስትለኝ ዝም አልኩ። ለቤቱ ሰላም ብዬ ነው። ያኔ የዋጥኩትን ሁሉ ግን እነሆ እዚህ አወጣዋለሁ።

ኮረሪማን ፈጣሪ ራሱ አሽጎ ነው የሰጠን። ከከፋና ከጂማ በኩል ወደኛ ገበያ የሚመጣው ፍሬው እንዳለ፣ ደርቆ፣ በክር ተሰክቶ፣ ዘሩን በልባሱ ሸፍኖ ነው። እናቴ ያንን ክር ጨለም ካለው የግድግዳ ጥግ ትሰቅለው ነበር። ለዕለቱ የሚበቃትን ያህል ፈልፍላ፣ ምጣድ ላይ ለአፍታ አመስ አድርጋ፣ በሙቀጫ ትወቅጠዋለች። የተረፈው ልባሱን እንደለበሰ ተራውን ይጠብቃል። ብልቃጥ አልነበራትም፤ ወረቀትም አልለጠፈችም። ጎረቤት ግን ሙቀጫው ሲመታ ድምፁን ሳይሆን መዓዛውን ሰምቶ ነበር «ዛሬ ምን ተገኘ?» ብሎ የሚመጣው።

ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው የልጅ ልጄ ምክንያቱን አስረዳችኝ። መዓዛው ያለው ዘሩ ውስጥ ባለው ዘይት ነው አለች። ዘይቱ በባሕርዩ ተኖ የሚሄድ ነው። ዘሩ ሲደቅ በየብናኙ አየር ያገኘዋል፤ ሙቀትና ብርሃን ደግሞ ያቻኩሉታል። «እሰይ!» አልኳት፤ «እናቴ ይህን ሁሉ ትምህርት በአንድ ቃል ነበር የምትጨርሰው። ‹ቆይ፣ አትውቀጪው!›» ልጅቱ ሳቀች። እሷም ብትሆን ከዚህ ሁሉ ማብራሪያ በኋላ ለማደሪያዋ የያዘችው ሚጥሚጣ በሃይላንድ ላስቲክ የተሞላ ነው፤ የሚቀመጠውም መስኮት ላይ ነው። ለፈተና የሚጠና ነገር ለካ ለኩሽና አይሆንም።

የሌላ አገር ሰው ብሆን ግድም ባልሰጠኝ። ዶሮ ወጥ ብዙ ኃጢአት ይሸፍናል። ሽንኩርቱ ሲቁላላ ይውላል፣ በርበሬው ይበስላል፣ አንዲት ያረጀች ኮረሪማ መሐል ብትገባ ማን ያውቅባታል? የእኛ የጉራጌዎቹ ክትፎ ግን ያጋልጣል። ሥጋው ጥሬ ነው፤ ቅቤው ለብ ብሎ ይገባበታል፤ ሚጥሚጣው ዳግም እሳት ሳያይ ከጣባው በቀጥታ ወደ አፍ ይሄዳል። የሞተ ቅመም የሚደበቅበት ጓዳ የለውም። ከመስቀሉ የከብት ዕርድ በፊት የሚበላው የጎመን ክትፎም ያው ነው፤ አይቡም ያው ነው። ውሳው፣ ማለትም ቆጮው፣ የቱን ያህል ቢያምር ለሞተ ሚጥሚጣ ጠበቃ አይቆምም። ሐኪሞች ጥሬ ሥጋ ተዉ ይላሉ። ልክ ናቸው፣ ኮሶ አለበት፤ በደንብ ይብሰል፣ አልከራከርም። ስለ ሚጥሚጣው ግን እስካሁን አንድም ሐኪም አልተናገረም፤ መናገር ነበረባቸው።

አሁን ወደ ቅቤው ልምጣ፤ እዚህ ላይ ትዕግሥቴ አጭር ነው። በእኛ ጊዜ የመስቀል ቅቤ በዋዜማው አይሸመትም፣ ይጠራቀማል። ሴቶቹ ውጆ እንገባ ነበር። አንዲት ላም ያላት ሴት ለብቻዋ ብትንጥ ምን ይወጣታል? የሁላችን ድርሻ ተሰብስቦ ለባለተራዋ ሲደርስ ግን ማሰሮዋ ሞላ ይላል። ኮሰረቱ ከጓሮ ነው፤ ያልተከለች ሴት ሰነፍ ትባላለች። ቅጠሉ የሚደርቀው በጥላ ነው። ፀሐይ ላይ ካሰጡት ለማንጠሪያው የቀረው ስሙ ብቻ ነው። ማንጠርም ጥድፊያ አይወድም። እሳቱ ልዝብ ይሁን፤ አረፋው ይገፈፍ፤ ኮሰረቱ፣ ኮረሪማው፣ አብሹ፣ እርዱ በየተራው ይግባ፤ ውሃው ተኖ ይለቅና ዝቃጩ ከሥር ይቅር፤ ከዚያ ይጠለል። ንጥር ቅቤ ወራት የሚቆየው ውሃውና የወተቱ ዝቃጭ ስለወጣለት ነው እንጂ ፍሪጅ ስላደረ አይደለም።

ምራቴ ታዲያ ምን ታደርጋለች? አጥባ ሳታደርቅ ያነሳችውን ማንኪያ ታጠልቅበታለች! ግማሽ ቀን ምድጃ ሥር ተቀምጬ ያተነንኩትን ውሃ በማንኪያ መልሳ ታስገባብኛለች። ሲሻግት ደግሞ «እማማ፣ የዘንድሮ ቅቤ ጥሩ አይደለም» ትለኛለች።

ጥሩ ያልሆነ ቅቤማ ሌላ ነው። አዲስ አበባ ያለው ልጄ «የገጠር ለጋ» ብሎ የላከልኝ ቅቤ እሳት ሲነካው ሙዝ ሙዝ ሸተተኝ። የሰማሁት ሁሉ እውነት ኖሯል፤ በቅቤ ሙዝ፣ በበርበሬ የሸክላ ዱቄት የሚቀላቅሉ አሉ። ከማን እንደገዛ ብጠይቀው አያውቅም። መርካቶን ያቀኑ የጉራጌ ልጆች ናቸው እየተባለ ሲወራ ደረቱን የሚነፋ ሰው፣ ሁለት ጣቱን ቅቤው ውስጥ ነክሮ አሽቶ ማየት አቅቶት ሙዝ በቅቤ ዋጋ ገዛ! አባቱ ነፍሱን ይማረውና ይህን ሳይሰማ መሄዱ ደግ ሆነ።

በርበሬውን የምገዛው ከማረቆ የመጣውን ነው። ማረቆ ፋና የሚባለው ዝርያ ስሙንም ያገኘው ከዚያው ነው፤ ጠቆር ያለ ቀይ፣ ሲሰበር አፍንጫ የሚይዝ። ክልላችን በ2015 ዓ.ም. አዲስ ሲዋቀር እኛ ጉራጌ ዞን ቀረን፣ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ሆነች፣ ማረቆም ልዩ ወረዳ ሆነ። ይሁን። ዛላው ይህን አልሰማም፤ ዛሬም ያስነጥሰኛል። ቡታጅራ ገበያ ስሄድ ዛላውን ጨብጬ አደምጠዋለሁ። ከተንኮሻኮሸና ፍሬው ውስጡ ከተንጫጫ ደርቋል። ጨብጬው ዝም ካለ፣ ሚዛን እንዲገፋ ውሃ ተርከፍክፎበታል ማለት ነው፤ ነጋዴው በእናቱ ስም ቢምልም ጥዬ እሄዳለሁ። እርጥበት ሻጋታ ይጠራል። የልጅ ልጄ እንዳነበበችልኝ፣ በ1996 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት አዲስ አበባ ውስጥ ሽሮና የተፈጨ በርበሬ ተመርምሮ አፍላቶክሲን የሚባል የሻጋታ መርዝ ተገኝቶበታል። ይህን መርዝ ወጥ መሥራት አያጠፋውም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ልፋት ላውራው? ይቀነጠሳል፣ ይታጠባል፣ በፀሐይ ይሰጣል፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብሉ ጋር ይደለዛል፣ ታፍኖ ያድራል፣ እንደገና ይሰጣል። የነሐሴ ሰማይ የሰው ነገር አይወድምና ይህ ሁሉ ከጥቅምት ወዲህ የሚሠራ ሥራ ነው። ሲያልቅ ወፍጮ ቤት አለ። ወፍጮ ቤት በርበሬ ተከትሎ በርበሬ እንዲፈጭ ተራ መጠበቅ ግድ ነው። እኔ ሳልጠብቅ ቀርቼ አላውቅም። ልጆቹ ግን ቸኩለው ከበቆሎ በኋላ ያስፈጫሉ፤ ከዚያ «በርበሬው ምነው ነጣ?» ብለው እኔን ይጠይቁኛል።

በመጨረሻ የደወለችው አሜሪካ ያለችው ልጄ ናት። የምልክላትን በርበሬና ሚጥሚጣ ከፋፍላ፣ በትንንሽ ከረጢት አየር አስወጥታ አሽጋ፣ በረዶ ቤት እንደምታስቀምጥ ነገረችኝ። እጮህባታለሁ ብዬ አፌን ከፈትኩ። ለካ ልክ ናት! ደረቅ ነው፣ ጨለማ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፣ አየር የለውም። ዋሽንግተን ሆና የእኔን እናት ሥራ ትሠራለች፤ ወልቂጤ ያሉት ደግሞ ኤግዚቢሽን ያሳያሉ። ቢሆንም ስህተት ሳላገኝ ስልክ አልዘጋም። «ስታወጪው ወዲያው ትከፍቺዋለሽ?» አልኳት። «አዎ» አለች። አገኘኋት! ከቅዝቃዜ የወጣ ከረጢት የቤቱን ሙቀት ሳይለምድ ከተከፈተ የአየሩ እርጥበት ላዩ ላይ ጤዛ ይሆንበታል፤ በርበሬው ይጓጉላል። «ታሽጎ ይቆይ፣ ሲለምድ ክፈቺው» ብዬ ዘጋሁት፤ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ምራቴን ግን ምን ላድርጋት? ለመስቀል ልጆቼ ሁሉ ይመጣሉ፤ የአዲስ አበባውም፣ የሐዋሳውም። ጉዳዩን በባህል ሕጋችን በየጆካ ቅጫ ወግ ሽማግሌ ፊት አቀርበዋለሁ ብዬ ዝቻለሁ፤ እርጥብ ማንኪያውን፣ የአምናውን ዱቄት፣ የፀሐዩን መደርደሪያ አንድ በአንድ። ምራቴ ምንም አልደነገጠች። «ጥሩ እማማ፣ ሽማግሌዎቹን እኔ ቤት እንጥራቸዋ፤ ክትፎውን እርስዎ ይሥሩት» አለችኝ። ተንኮሏ የገባኝ ማታ ነው። እነዚያ ሽማግሌዎች በእኔ ቅቤ የራሰ ክትፎ ፊታቸው ከቀረበ ክስ የሚሰማ ጆሮ አይኖራቸውም። ጠርገው በልተው፣ መርቀው፣ «እናንተ ቤት ምን ጠፍቶ ነው የምትጣሉት?» ብለው ይሄዳሉ። ሳህኑን ያጠበችው እሷ ስለሆነች ደግሞ ምርቃቱ የሚያርፈው በእሷ ላይ ነው።