ለመስቀል ይደርሳል

አርባ ምንጭ ውስጥ የጀመሩትን ጋቢ መጨረስ እንደ ነውር ሳይቆጠር አልቀረም፤ ደግሞም ልክ ነው። ያለቀ ጋቢ ምን ይረባል? ይለበሳል፣ ይቆሽሻል፣ ይታጠባል፣ ይሳሳል፤ አንድ ቀን ደግሞ ዘመድ ለለቅሶ ተውሶት ይሄድና በዚያው ይቀራል። ያላለቀው ግን ከነክብሩ ጆንያው ውስጥ ነው። አያረጅም፣ አይዋሱትም። ሌባ ቢገባ እንኳ ገለጥ አድርጎ አይቶ፣ «ይሄን ደግሞ ማን ይጨርሰዋል» ብሎ ድስቱን ይዞ ይሄዳል።

ሴቻም ውጡ፣ ሲቀላም ውረዱ፣ ወግ ያለው ቤት አልጋ ሥር ያ ጆንያ አለ። ከላይ ባለፈው ዓመት ጥጥ ረከሰ ተብሎ የተገዛው ይገኛል፤ ገና ከፍሬው አልተለየም። ከሥሩ ባዘቶውና አመልማሎው አለ። ከዚያ በታች ለልጅቷ ሠርግ የተፈተለው ልቃቂት ነው። ልጅቷ በኪራይ ልብስ ተድራ፣ ወልዳ፣ ልጇን ትምህርት ቤት አስገብታለች። ከሁሉም በታች ያለው፣ ቢጫ የሆነው፣ አያትየዋ የጀመሩት ነው። አንዳንዱ ጆንያማ የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ በ1950ዎቹ ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ ሲወርድ፣ ከመንግሥት ፋይሎች ጋር አብሮ ተጭኖ የወረደ ይመስላል። ፋይሎቹ እንኳ በየጊዜው ተከፍተዋል።

መፍተል ቀላል ሥራ ነው ያለ የለም። ጥጡ ይዳመጣል፣ ይነደፋል፣ ይባዘታል፣ አመልማሎ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ነው እንዝርት የሚነሳው። በጋሞ ደጋ መሸመኑ የወንድ፣ መፍተሉ የሴት ሆኖ የኖረ ነው። ሸማኔው ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ከትቶ መወርወሪያውን ከያዘ አንድ ጋቢ የቀናት ጉዳይ ነው፤ ለዚያ ጋቢ የሚሆነውን ክር ለማውጣት ግን ሴትየዋ ውኃ ቀድታ፣ እንሰት ፍቃ፣ ልጅ አዝላ በተረፋት ሰዓት ወራት ትፈጃለች። እንዲህ ያለችውን እናት የሚያሾፍባት ምላሱ ይቆረጥ። የኔ ክብር የሚገባው ለሌላዋ ነው፤ እንዝርቷ እንግዳ ሲመጣ ብቻ ለሚሾርላት፣ ሦስት ጋቢ ጀምራ አራተኛውን ለምታስበው፣ «ምን ይዘሻል?» ሲሏት «ፈትል ላይ ነኝ» ብላ ለምትመልሰው ባለሙያ። ፈትል ላይ መሆን ማዕረግ ነው። ፈትል መጨረስ ግን ማዕረግ ማጣት ነው፤ በማግስቱ ምን ላይ ነኝ ልትል ነው?

ወንዱንም አንርሳው። የእሱ ድርሻ በዓመት አንድ ጊዜ ጆንያውን በእግሩ ነካ አድርጎ «ይሄ ነገር አሁንም አላለቀም?» ማለት ነው። ይህን የሚጠይቀው ጣሪያው ላይ ለሁለተኛ ፎቅ የተተወ ፌሮ ለዓመታት ዝጎ የቆመበት ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ ነው። እሱንም የሚበልጠው የመሠረት ድንጋይ ጥሎ፣ ሪባን ቆርጦ፣ ምሳ በልቶ የሚሄደው ሹም ነው። የአልጋ ሥሩ ጆንያ ቢያንስ የመንግሥት በጀት አልበላም።

ለመዘግየቱ ምክንያት ከተባለ ደግሞ አርባ ምንጭ ራሷ አለች። ከተማዋ ከ1,200 ሜትር ጥቂት ከፍ ብላ፣ ከአባያና ከጫሞ በላይ ፀሐይ ላይ ተሰጥታ የተቀመጠች ናት። እኩለ ቀን ላይ ሲቀላ ውስጥ ጋቢ ደርቦ የሚሄድ ሰው ካያችሁ ወባ ይዞታል ማለት ነው። «ምን ያጣድፈኛል፣ በዚህ ሙቀት?» ትላለች ባለሙያዋ፤ እውነቷን ነው። ችግሩ የሚመጣው ጨንቻ ሰው ሲሞት ነው። ሠላሳ ሰባት ኪሎ ሜትሩን ዳገት ተወጥቶ 2,700 ሜትር አካባቢ ሲደረስ፣ ጭጋጉ ቀርከሃውንም ሰውንም ውጦታል፤ ለቀስተኛው በቡልኮ ተጀቡኖ ተደርድሯል፤ እሷ በስስ ነጠላ ትንቀጠቀጣለች። በመጨረሻ አንዲት የአገር ቤት አክስት አዝናላት የራሷን ጋቢ ግማሽ ታለብሳታለች። ባለሙያችንም እየሞቃት ጠርዙን በሁለት ጣቷ አሸት አሸት አድርጋ፣ «ፈትሉ ትንሽ ወፈር ብሏል» ትላለች።

ፈረንሳዊው አንትሮፖሎጂስት ዳን ስፐርበር ጋሞ ደጋ ላይ ዶርዜ ዘንድ ኖሮ ሲመለስ፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1974 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ አንድ ያስገረመውን ነገር ጽፏል። ዶርዜዎች ነብር ክርስቲያን ነው፣ የቤተ ክርስቲያንን ጾም ያከብራል ይሉታል፤ ይሁንና ረቡዕና ዓርብም ከብታቸውን ከነብር ከመጠበቅ አይቦዝኑም። ሰውየው ይህን እንቆቅልሽ ለመፍታት ብዙ ደክሟል። ወደ አርባ ምንጭ ወረድ ብሎ አንድ ቡና ቢጠጣ ኖሮ ድካሙ ይቀልለት ነበር። «ጋቢው ለመስቀል ይደርሳል» ብላ በሚካኤል የምትምል ሴት፣ ያንኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ለመስቀል የምትለብሰውን ከጎረቤት ስትዋስ ያያታል። እምነትም ጥንቃቄም በአንድ ቤት ይኖራሉ።

ታዲያ መስቀል ለጋሞ እንደ ብዙው አገር የአንድ ቀን ደመራ አይደለም። የዓመቱ መለወጫ ነው፤ ሰንጋ የሚጣልበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት፣ አዲስ አበባ፣ በሽሮሜዳና በጉለሌ ጉድጓድ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ሲሸምን የኖረው ዶርዜ አውቶቡስ ሞልቶ አገሩ የሚገባበት። የአዲስ አበባዋ ባለሙያ ይህን አትሰማም። ልቃቂቷን ለዓመታት ቁም ሳጥን ውስጥ አስተኝታ ጳጉሜ ላይ ትነቃለች፤ መስከረም አሥር ገደማ ሽሮሜዳ ስትደርስ የሸማኔው በር ተቆልፏል። «አሁን በሰው ሥራ መሐል አገር ቤት መሄድ ምን ይሉታል?» ብላ ትቆጣለች። ከዚያም ዞር ብላ ከቻይና የመጣውን፣ ጥለት ታትሞበት የሚሸጠውን ጨርቅ ትገዛና፣ ለበዓሉ «የአገር ልብስ ለብሰን» የሚል ፎቶ ትነሳለች።

የአርባ ምንጯ ብልህ ናት። እሷ ሸማኔውን አገሩ ድረስ ትከተለዋለች። ቅዳሜ፣ የጨንቻ ገበያ ቀን፣ ጆንያዋን አሸክማ ከሚኒባስ ትወርዳለች። ሸማኔው ልቃቂቱን እያገላበጠ ያያል።

«እማማ፣ ወፍራሙና ቀጭኑ እኮ ተደባልቋል።»

«ወፍራሙ የእናቴ ነው፣ ነፍሷን ይማርና። ቀጭኑ የኔ ነው። ያ የሚበጣጠሰው ልጄ ስትለምድ የሞከረችው ነው። አንተ አስማማው።»

«አይጥም የገባበት ይመስላል።»

«አይጥ የማይገባበት ቤት የት አለ፣ ልጄ?»

«ይሁን። ማጉ ይሄ ነው፤ ድሩስ የታል?»

«ድሩንማ አንተ ከገበያ ገዝተህ ትሞላዋለህ ብዬ እኮ ነው የመጣሁት።»

«ለመቼ ነው የሚፈልጉት?»

«ለመስቀል ነዋ!»

«መስቀል እኮ ማክሰኞ ነው፣ እማማ።»

«ታዲያ ሙሉ ሦስት ቀን! ሰነፍ አትሁን እንጂ፤ ሸማኔ እኮ ፈጣን ነው ሲባል ሰምቼ ነው።»

ዋጋ ሲነገራት ደግሞ እጇን ደረቷ ላይ ታደርጋለች። «ክሩ የኔ፣ ጥጡ የኔ! አንተ የምትጨምርበት ምንድን ነው? መወርወሪያውን ወዲያና ወዲህ ማድረግ ነው።» ሦስት ትውልድ የፈተለውን በሦስት ቀን የሚጨርስ ሰው ርካሽ መሆን አለበት፤ የፈጠነ ሥራ ምን ልፋት አለውና? ጀማሪዋ ባለሙያ ናት፤ ጨራሹ ግን «ያ ሸማኔ» ነው። ጋቢው ካማረ የፈታይዋ እጅ ነው፤ ከተንጋደደ ሸማኔው ነው ያበላሸው። የቆየው እንኳ በእሱ ይላከካል፦ «ሸማኔ ዘንድ ነው ያለው፤ ውሸታቸውን እኮ ታውቂዋለሽ።»

የትልቁ ከተማ ጥድፊያ ደግሞ የራሱ ጨራሾች አሉት። በዓል ዋዜማ ሌሊቱን ማን እንደሚያነጋው መጠየቅ ባለሙያዋ ደስ አይላትም፤ እኔም በዓል ማበላሸት አልወድም። ግን ከጋሞ ደጋ ቀበሌዎች «ትማራለህ፣ ሙያ ትይዛለህ» እየተባሉ በዘመድና በደላላ ወደ ሽሮሜዳ የተወሰዱ ወንዶች ልጆች ለዓመታት በእነዚያ ጉድጓዶች ውስጥ ተቀምጠዋል። የአሜሪካ የሥራ ሚኒስቴር ሳይቀር የኢትዮጵያን የእጅ ሽመና በሕፃናትና በግዳጅ ጉልበት ከሚመረቱ ዕቃዎች መዝገብ ውስጥ አስፍሮታል። ሩቅ አገር ያለ መሥሪያ ቤት ያየውን፣ ልብሱን የለካችው አላየችም። ምን ታድርግ? እሷ እኮ የልጅቷን ሠርግ፣ የልጅ ልጇን ክርስትና፣ አራት ፋሲካና አንድ ለቅሶ አሳልፋ በመጨረሻ ስትቸኩል፣ የቸኮለችው በቅን ልቦና ነው። ልጁም እንቅልፉ ቢመጣ ጣቱ ትንሽ ናት፤ የተበጠሰ ክር ለመቀጠል ትመቻለች።

ወደ ጨንቻ እንመለስ። ማክሰኞ ጠዋት ሸማው ደርሷል፤ እንዴት እንደ ደረሰ ሸማኔውና እግዜር ያውቃሉ። ወፍራሙን ከቀጭኑ አስማምቶ፣ አይጥ የበላውን ዘሎ፣ ቀይና ጥቁር ጥለት ጠርዙ ላይ ጥሎበታል። ገና ግን ጋቢ አይደለም፤ ተቆርጦ፣ ጎንና ጎኑ ተገጥሞ፣ ተደርቦ መሰፋት አለበት፤ ዘርፉም መቋጨት አለበት። ባለሙያዋ ወደ ፀሐይ ዘርግታ አየችው፣ ሳመችው፣ ጥቂት ብር አስቀርታ ከፈለች። ጆንያው ባዶ መሆኑን አይታም ቅር ስላላት፣ በመመለሻዋ መንገድ ላይ የአንድ ጋቢ ጥጥ ገዝታ ልትጨምርበት ወሰነች።

«እማማ፣» አለ ሸማኔው ዓይኑን እያሻሸ፣ «ይቀመጡ፣ ገጥሜልዎት ዘርፉን ልቋጭልዎት? ምሳ ሳይደርስ ያልቃል።»

«ተወው ልጄ፣ አትልፋ። እሱን እኔ ቤት እቋጨዋለሁ። ምን ያስቸኩላል፤ ገና ጥምቀት አለ።»