ለሦስት ስፖርት ሠላሳ ተራቢ

ሠፈራችን ውስጥ ባንክ የምትሠራ አንዲት የሁለት ልጆች እናት አለች። አርባን ተሻግራለች። ሌሊት 11 ሰዓት ተነስታ የምትለማመደው ሩዋንዳ ውስጥ፣ ኪቩ ሐይቅ ዳር፣ ሩባቩ ከተማ ለሚካሄደው ትሪያትሎን ነው፤ 1.9 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 90 ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ 21.1 ኪሎ ሜትር ሩጫ፣ ሁሉም በአንድ ቀን። ይህን የሰማ ሁሉ ምላሱን ስሎ መጥቷል። እሷ መልስ የምትሰጥበት ጊዜ የላትም። እኔ አለኝ።

«የሯጭ አገር ልጅ ሆና ውሃ ውስጥ ምን ዶላት?»

አንተስ የሯጭ አገር ልጅ ሆነህ ለአንድ ፌርማታ ታክሲ ስትሰለፍ ማን ጠየቀህ? እሷ ሩጫውን አልተወችም፤ ሁለት ጨመረችበት። ጽጋቡ ግርማይም እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የብስክሌት ውድድር የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን የወጣው ከዚሁ ከሯጭ አገር ነው።

«በዚህ ዕድሜ? አርፈሽ ልጆችሽን አታሳድጊም?»

እያሳደገች ነው፤ ሲነሱ እናታቸውን ላብ በላብ ሆና ያገኟታል፣ ቁርሳቸውንም ከእሷ ጋር ይበላሉ። ዕድሜ ካነሳሽማ፣ አሜሪካዊቷ መነኩሲት ማዶና ቡደር እ.ኤ.አ. በ2012 ካናዳ ውስጥ አይረንማን የተባለውን ረጅም ትሪያትሎን የጨረሱት በ82 ዓመታቸው ነው። 3.8 ኪሎ ሜትር ዋኝተው፣ 180 ኪሎ ሜትር በብስክሌት ሄደው፣ ከዚያ ሙሉ ማራቶን። አንቺ በ35 ዓመትሽ ሁለተኛ ፎቅ ለመውጣት ሊፍት ትጠብቂያለሽ።

«አማተር ነሽ፤ ሜዳሊያ ለማታመጪበት ምን አለፋሽ?»

ስፖርቱን የወለዱት እነማን ሆኑና! እ.ኤ.አ. በ1974 ሳን ዲዬጎ ላይ የመጀመሪያውን ትሪያትሎን ያዘጋጁት የአንድ ሩጫ ክበብ አባላት ናቸው። በ1978 ሃዋይ ላይ ለመጀመሪያው አይረንማን 15 ሰው ተነሳ፣ 12ቱ ጨረሱ። የኦሊምፒክ ሜዳሊያ የመጣው በ2000 ሲድኒ ላይ ነው። 26 ዓመት ሙሉ ሰዎች ያለ ኦሊምፒክ ሜዳሊያ ሲለፉ አንተ የት ሆነህ ነበር የምታዝንላቸው?

«ልብስ መቀየርም ስፖርት ሆነ?»

ሆነ! ከውሃ ወጥተህ ብስክሌት እስክትይዝ ሰዓቱ አይቆምልህም። ሄልሜትህን አጥልቀህ ማሰሪያውን ሳትቆልፍ ብስክሌቱን ከመስቀያው ካነሳህ ደግሞ ትቀጣለህ። እሷ ግቢዋ ውስጥ ባልዲ ሙሉ ውሃ ራሷ ላይ ደፍታ፣ ጣቶቿ እየተንሸራተቱ ማሰሪያውን ስትቆልፍ፣ ስትፈታ፣ እንደገና ስትቆልፍ አይቻለሁ። አንተ የጫማህን ክር አስረህ እስክትወጣ ሚስትህ ሰርግ ያመልጣታል።

«ሰጥመሽ እንዳትቀሪ!»

እዚህ ላይ ሳቁ ይቁም። በትሪያትሎን ውድድር ላይ ከሚደርሱት ሞቶች አብዛኞቹ የሚያጋጥሙት በዋናው ክፍል ነው። ስለዚህ በዚህ ነገር የሚያሾፍባት ሰው ከሁሉ በፊት እሷ እንዳሰበችበት ይወቅ። ገንዳ ውስጥ ከሥርህ የተሰመረ መስመር አለ፣ ጫፉ ላይ የምትይዘው ግድግዳ አለ፤ ሐይቅ ሁለቱም የለውም። ለዚያ ነው ላንጋኖ ድረስ የምትሄደው። የላንጋኖ ውሃ ቡናማ ነው፤ ፊትህን ስትነክር የገዛ ጣትህን አታይም። ትንፋሽ ይቆራረጣል፣ ልብ ይዘላል። መጀመሪያ የምትማረው መፍጠን ሳይሆን በጀርባ ተንሳፍፎ ትንፋሽን ማረጋጋት ነው። ቀጥሎ በየጥቂት ቀዘፋው ዓይኗን ብቻ ከውሃ አውጥታ የአቅጣጫ ምልክቱን ትፈልጋለች፣ አለዚያ አቅጣጫ ስታ ያልታዘዘችውን ርቀት ትዋኛለች። ውድድሩ ላይ የደከመ ሰው፣ ወደፊት እስካልተጎተተበት ድረስ፣ የነፍስ አድን ጀልባ ይዞ ማረፍ እንደሚፈቀድለትም ታውቃለች። አንድም ቀን ብቻዋን ገብታ አታውቅም። የምር ያሳሰበህ ከሆነ ቅዳሜ አብረህ ሂድ፣ ጀልባ ላይ ተቀመጥና ዓይንህን ከእሷ አትንቀል። መሄዱን ካልፈለግህ አፍህን ያዝ።

«እዚያ አየሩ ያጥርሻል!»

ኪቩ ከባሕር ጠለል በላይ 1,460 ሜትር ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ። ከሚያጥርበት ነው የምትሄደው፣ ወንድሜ።

«ከብስክሌት ወርዳ ስትሮጥ እግሯ ይንቀጠቀጣል» ያልሽው ግን ልክ ነሽ፣ አይቻለሁ። ኮርቻ ላይ ሰዓታት የቆየ እግር መሬት ሲነካ የተዋሰችው የሰው እግር ይመስላል። ታዲያ ብስክሌቷን ግድግዳ ላይ አስደግፋ ወዲያው ሩብ ሰዓት የምትሮጠው ለምን መሰለሽ? እንዲለምድ ነዋ! እስከ ሠፈሩ ጫፍ ተከትለሻት ሩጪ፤ ያኔ ስለ እግር እናወራለን።

የመጨረሻው ተራቢ መሪ የጨበጠው ነው፦ «እናት፣ መንገዱ የመኪና ነው!»

መንገዱ የሰው ነው፤ አንተም ከመኪናህ ስትወርድ ሰው ነህ። ቅዳሜ ማለዳ ወደ ሰንዳፋ የምትነዱ ሹፌሮች፣ ከኋላዋ ደርሳችሁ ጡሩምባ አትንፉባት፤ ስትደነግጥ መሪው ከእጇ ያመልጣል። ፍጥነት ቀንሱ፣ አንድ ሜትር ተኩል ራቁላት፣ ከዚያ እለፉ።