ዘመሮ ላላችሁ ሁሉ፦ መሬት አግኝቻለሁ

ይድረስ ከሲያትል፤ ለውድ አባቴና እናቴ።   እህቴ፣ ስታነቢላቸው ወንድማችንን ያነሣሁበት ላይ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ።

አባዬ፣ ድርሻችን ለሦስት ቢካፈል ለእኔ የበግ ማሰሪያም አይተርፈኝም ብዬ መውጣቴን ያውቃሉ። እነሆ ባለፈው ዓርብ ማታ ባለርስት ሆንኩ። የሥራ ጓደኛዬ «ከቤተሰቤ ጋር ካርታ እንጫወታለን፣ ና» ቢለኝ ኮንከር መስሎኝ ሳንቲም ቋጥሬ ሄድኩ። ለካ ጦርነት ኖሯል! «ማጂክ» ይሉታል። ሪቻርድ ጋርፊልድ የሚባል የሒሳብ ሊቅ የፈለሰፈው፣ በፈረንጅ 1993 የወጣ ነው፤ ኩባንያው እዚሁ ጎረቤታችን ሬንተን ይገኛል። ሰው ሁሉ 20 ነፍስ ይዞ ይጀምራል፤ እኛ በአንዷ ስንንገላታ! ከ60 ካርታ 7 ይመዛል። አውሬ ለመጥራት ግን አስቀድሞ መሬት ያሻል፦ ሜዳ፣ ደሴት፣ ረግረግ፣ ተራራ፣ ጫካ። በአንድ ተራ አንድ ብቻ ይጣላል፤ ጋደም ሲያደርጉት ኃይል ይሰጣል። የተጠራ አውሬም በመጣበት ተራ አይዋጋም፣ ገና የመንገድ ሕመም አለበት። ወንድሜ ከአዲስ አበባ ሲመጣ የሚይዘው ሕመም ይኸው ነው፤ የእሱ ብቻ እስከ አጨዳው ማብቂያ አይለቅም።

ባላጋራዬ የፊት ጥርሷ የወለቀ የጓደኛዬ ልጅ ነበረች። ለእኔ ተራራ ወጣ፤ ጫካ ወጣ፤ ደግሞ ተራራ። አውሬ የለም። ሌላ ሰው ይበሳጭ ይሆናል፤ የጌራ ምድር ልጅ ግን በመሬት ብዛት አይከፋም። ደርድሬ ወሰኑን በጣቴ አቀናሁ። ድመታቸው ጫካዬን ስትረግጥ ሁለት ምስክር ቆጠርኩ።

በመጨረሻ ተኩላ ደረሰኝ። የጓሳው ቀይ ቀበሮ ትዝ ቢለኝ ዝም ብዬ መጣል አቃተኝ። የሶፋውን ልብስ እንደ ጋቢ ደርቤ፣ መጥረጊያ እንደ ጦር ይዤ ተነሣሁ። «ዘራፍ! ዘራፍ የጌራ ልጅ! ጉም ለብሶ አዳሪ፣ ውርጭ ቆርጣሚ!» ድመቷ መጋረጃው ላይ ወጣች። ጓደኛዬ ስልኩን አነሣ፤ ሊቀርጸኝ ይሁን ፖሊስ ሊጠራ አልገባኝም። ስጨርስ ልጅቷ አንዲት ሰማያዊ ካርታ ቀስ ብላ አስቀመጠችና «ተኩላህ አልመጣም» አለችኝ። የተጠራውን ከመንገድ የሚመልስ ካርታ ነው። ልክ አጎቴ በሽምግልና ላይ! እሳቸው እንኳ «አይሆንም» ለማለት ቡናው እስኪወርድ ይጠብቃሉ።

ከተራሮቼ የአንዱ ሥዕል ጉም የተኛበት ገደል ነበር። «ጋደም አድርገው» ሲሉኝ እጄ እምቢ አለ። ቤቱ ሙሉ ሰው ይስቃል፤ ስሜን በወጉ የሚጠራ ግን አንድ የለም። «ጭስ ገብቶብኝ ነው» ብዬ ዓይኔን ጠረግሁ። ምድጃቸው የኤሌክትሪክ ነው።

ቀጥላ ከደሴቷ የባሕር አውሬ አውጥታ በየተራዋ 20ውንም ነፍሴን ጨረሰችው። እናቴ፣ ልጅሽ ከመንዝ ወጥቶ በዓሣ ተበላ!

አሁን የቸገረኝ ሌላ ነው። ልጅቷ ፉከራዬን በቃሏ ይዛዋለች፤ ባሸነፈችኝ ቁጥር መጥረጊያ አንሥታ «የጌራ ልጅ» እያለች ትፎክርብኛለች። አባዬ፣ እሷ የማታውቀው አዲስ ፉከራ በእህቴ ስልክ ቀርጸው እስከ ዓርብ ይላኩልኝ። ወንድሜ አይጨምርበት፤ የእሱ ጀግንነት ከምሳ በኋላ ብቻ ነው።